ብጉርና ሰባት ቤት

ጎንደር ውስጥ ጋብቻ ሲታሰብ ከጥሎሹም ከድግሱም በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። የደንቢያው አጎት፣ የወገራዋ አክስት፣ የበለሳው ቅድመ አያት አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ዘር የሚገናኝበት ቦታ ከተገኘ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ዘሩን እንዲህ አበጥሮ የሚያውቅ ቤተሰብ የ14 ዓመት ልጁ ፊት በብጉር ሲወረር ግን «በዘራችን ነው፣ ሲያገባ ይለቀዋል» ብሎ ያልፈዋል። ለሴት ልጅ ሲሆን «ስትወልጂ ይጠፋልሻል» ይባላል።

«በዘራችን ነው» የሚለው ትክክል ነው። ስህተቱ ከዚያ ቀጥሎ በሚወሰደው ውሳኔ ላይ ነው። በዘር የመጣ ነገር ይጠበቃል እንጂ አይታከምም የሚል እምነት ስላለ ልጁ ሦስት አራት ዓመት ዝም ተብሎ ይታያል፤ በዚያ መሀል ጉንጩ ይቦረቦራል። ብጉሩ ከጊዜ በኋላ ይሄድ ይሆናል፣ ጉድጓዱ ግን እዚያው ይቀራል። አባቱ ወይም እናቱ የብጉር ጠባሳ ያለባቸው ልጅ ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ ሕክምና መጀመር ያለበት ልጅ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ስለ ዘርና ስለ ብጉር በጥናት የተረጋገጠውን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

መንቶቹ ያሳዩት

የዘር ድርሻ የሚለካው በመንቶች ነው። ከአንድ እንቁላል የተከፈሉ መንቶች ዘረመላቸው አንድ ነው፤ ከሁለት እንቁላል የመጡት ደግሞ እንደማንኛውም እህትና ወንድም በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ። ሁለቱም ዓይነቶች በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ ያድጋሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ በብጉራቸው ከሁለተኛዎቹ ይበልጥ የሚመሳሰሉ ከሆነ ያመሳሰላቸው ዘራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የእንግሊዝ አገር ጥናት ከአንድ እንቁላል የመጡ 458 ጥንድ እና ከሁለት እንቁላል የመጡ 1,099 ጥንድ ሴት መንቶችን አወዳድሮ፣ በሴቶቹ መካከል ከታየው የብጉር ልዩነት 81 በመቶው በዘር የሚብራራ ሆኖ አገኘው። ቀሪው 19 በመቶ እያንዳንዷን ለብቻዋ ከገጠማት ነገር የመጣ ነበር።

ይህ 81 ብዙ ጊዜ በስህተት ይነበባል። አንድ ልጅ ፊት ላይ ካሉት 100 ብጉሮች 81ዱን ዘር፣ 19ኙን ምግብ አመጣቸው ማለት አይደለም። ቁጥሩ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ሰው ከሰው ለምን እንደሚለያይ እንጂ ስለ አንድ ሰው የሚናገረው ነገር የለም። ሁሉም ተመሳሳይ ነገር በሚበላበትና በሚቀባበት አገር፣ ምግብና ቅባት ሰውን ከሰው የመለየት ዕድል ስለማያገኙ የዘር ድርሻ ገዝፎ ይታያል። በዚያው በ2002 የወጣ ሌላ ጥናት ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳያል፤ በፓፑዋ ኒው ጊኒዋ የኪታቫ ደሴት 1,200 ሰዎች፣ በፓራጓይ ደግሞ ከአቼ ሕዝብ 115 ሰዎች ተመርምረው አንድም ባለ ብጉር አልተገኘም። ሁለቱም ሕዝቦች ስኳርና የፋብሪካ ዱቄት እምብዛም አይነኩም ነበር። ዘራቸውም ከአውሮፓውያን የተለየ ስለሆነ ነገሩን ሁሉ ለምግብ መስጠት አይቻልም፤ ዘር ግን ብቻውን፣ የሚያስነሳው ነገር ሳይኖር፣ ሥራውን እንደማይፈጽም መጠርጠር ይቻላል።

የሚወረሰው ምንድን ነው?

በእያንዳንዱ የፊት ጸጉር ሥር፣ ጸጉሩ ከሚወጣበት ቀዳዳ ጎን፣ ወዝ የሚያመነጭ ዕጢ አለ። ብጉር የሚወጣው አራት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው። ወዙ ይበዛል። የቀዳዳውን ውስጥ የሚያለብሱት የቆዳ ሕዋሳት መርገፍ ሲገባቸው ተጣብቀው አፉን ይደፍኑታል። በታፈነው ወዝ ውስጥ ኩቲባክቴሪየም አክነስ የሚባለው ባክቴሪያ ይራባል። በመጨረሻም የሰውነት መከላከያ ተቆጥቶ ቦታውን ያቀላዋል፣ ያሳብጠዋል፣ መግል ያስይዘዋል። ዘር በአራቱም ውስጥ እጁ አለበት።

ወዙን የሚያዘው አንድሮጅን የሚባለው የሆርሞን ወገን ነው፤ በወንድም በሴትም አካል ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1941 የታተመ ምርመራ ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች ብጉር እንደማይወጣባቸው፣ ከዚሁ ወገን የሆነው ቴስቶስተሮን ሲሰጣቸው ግን እንደሚወጣባቸው አሳይቷል። ላሮን በሚባለው የዘር ሕመም ምክንያት አይጂኤፍ-1 የተባለው የዕድገት ሆርሞን የሚጎድላቸው ሰዎችም እንዲሁ ከብጉር ነጻ ናቸው ለማለት ይቻላል። ጤነኛ በሆኑ ሁለት ጎረምሶች ደም ውስጥ ያለው ሆርሞን እኩል ሆኖ ሳለ የአንዱ ፊት ወዛም፣ የሌላው ደረቅ የሚሆነው ዕጢዎቻቸው ለዚያ ሆርሞን የሚሰጡት ምላሽ ስለሚለያይ ነው። የምላሹ መጠን በአብዛኛው የዘር ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ የመንቶች ምርመራ ትልቅ ነገር ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ነው። ከአንድ እንቁላል የመጡ መንቶች የሚያመነጩት ወዝ ተለክቶ እኩል ሊባል የሚችል ሆኖ ተገኘ፤ የብጉራቸው ክብደት ግን እኩል አልነበረም። የሚወረሰው የተዘጋጀ ቆዳ ነው። በዚያ ቆዳ ላይ የሚሆነው ነገር ሌላ ታሪክ አለው፤ ሕክምናም የሚገባው በዚህ በሁለተኛው በኩል ነው።

ዘረመሎቹ ራሳቸው መለየት የጀመሩት በቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከባድ ብጉር ያለባቸው የብሪታንያ ሰዎች ዘረመል ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር በ1ኛው፣ በ5ኛውና በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ ሦስት ቦታዎች ጎልተው ወጡ። ከእነዚህ አንዱ፣ ቲጂኤፍ ቤታ 2 የሚባለው፣ የቆዳ ሕዋስ እድገትንና የቁስል መዳንን በሚቆጣጠር ሰንሰለት ውስጥ የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቁጥራቸው 15 ደረሰ፤ ከተጨመሩት መካከል ዊንት 10ኤን የመሰሉ የጸጉርን ሥር ቅርጽ የሚወስኑ ዘረመሎች አሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀዳዳው ገና በፅንስ ሲሠራ የሚይዘው ቅርጽ ከ14 ዓመት በኋላ በቀላሉ መደፈን አለመደፈኑን ሊወስን ይችላል ማለት ነውና። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከ20,000 በላይ ባለ ብጉሮችና ወደ 600,000 የሚጠጉ ሌሎች ሰዎች ተወዳድረው ቦታዎቹ 46 ሆኑ።

እነዚያ ሰዎች የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። በእነሱ ላይ የተሠራ የነጥብ አሰጣጥ፣ ማለትም የዘረመል ለውጦችን ደምሮ የብጉርን ዕድል የሚገምተው ስሌት፣ ወደ ሌላ ሕዝብ ሲወሰድ ትክክለኛነቱ ይወርዳል። በየኢንተርኔቱ ምራቅ ተልኮ «የብጉር ዕድልዎ ይህን ያህል ነው» የሚል ወረቀት የሚሸጠውን ምርመራ ጎንደር ላይ ያለ ወላጅ ገንዘብ አውጥቶ እንዲገዛ አልመክርም። ውጤቱ ለአንድም የሕክምና ውሳኔ አይጠቅምም። ቤተሰቡን መጠየቅ ይበልጠዋል፤ ዋጋም የለውም።

ሰባት ቤት ለብጉር ለምን አይሠራም?

እናት፣ አባት፣ እህትና ወንድም ከአንድ ሰው ጋር 50 በመቶ ዘረመል ይጋራሉ። አያት፣ አጎትና አክስት 25 በመቶ። የአጎትና የአክስት ልጅ 12.5 በመቶ። ሰባተኛው ቤት ላይ ያሉት ወላጆች 128 ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ በአማካይ የሚያበረክተው ከ128 አንዱን፣ ከ1 በመቶ ያነሰውን ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ ማግባት ከእናትም ከአባትም አንድ ዓይነት የተበላሸ ዘረመል ሲገናኝ ብቻ ለሚታዩ በሽታዎች በእርግጥ ጥሩ አጥር ነው፤ አባቶች ያለ ላቦራቶሪ የደረሱበት ታላቅ ጥበብ ነው። ብጉር ግን የሚመጣው ከአንድ ዘረመል አይደለም። እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚገፉ ብዙ ለውጦች ተደምረው ነው የሚያመጡት፤ እነዚህም ለውጦች በየትኛውም ቤት፣ በደንቢያውም በበለሳውም፣ ተበትነው ይገኛሉ።

በአንድ ቤት አራት ልጆች ተወልደው ሁለቱ ፊታቸው ጥርት ያለ፣ ሁለቱ በብጉር የተጎዱ የሚሆኑትም በዚህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከወላጆቹ ግማሽ ግማሽ ሲወስድ የደረሰው ቁና አንድ ዓይነት አይደለም። «ይህ ልጅ ማንን ወጣ?» ተብሎ የሚፈለገው ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ከእናት በኩል ወዛምነቱን፣ ከአባት በኩል ቶሎ የሚቆጣውን ቆዳ አንድ ላይ ወርሶ ሊሆን ይችላል፤ እነሱ እያንዳንዳቸው ግማሹን ብቻ ስለያዙ ፊታቸው ምንም አልሆነም።

ቤተሰብን መጠየቅ

ለብጉር ወደ ላይ አያት ድረስ፣ ወደ ጎን አጎትና አክስት ድረስ መጠየቅ ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ጉልበት ማባከን ነው። የእናት ወገን እንዳይዘለል፤ ወንድ ልጅ ሲሆን የአባቱን ፊት ብቻ አይቶ መፍረድ የተለመደ ስህተት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አራት ነገር ይጠየቃል፤ በስንት ዓመቱ ጀመረው፣ ፊት ብቻ ነበር ወይስ ደረትና ጀርባም፣ ስንት ዓመት ቆየ፣ ጠባሳ ትቶ ሄደ ወይ? ከአራቱ ክብደት ያለው የመጨረሻው ነው። አብዛኛው ሰው በጉርምስናው ጥቂት ብጉር አይቶ ያውቃል፤ ጠባሳ የተወበት ሰው ግን የከባዱን ዓይነት ዝንባሌ ተሸክሟል።

«እማማ፣ በልጅነትዎ ፊትዎ ላይ ብጉር ይወጣብዎ ነበር?» ብሎ አያትን ፊት ለፊት መጠየቅ ብዙ ጊዜ «ኧረ የምን ብጉር!» የሚል መልስ ያመጣል። ስለ ታናሽ ወንድማቸው ወይም ስለ እህታቸው ቢጠየቁ ግን በደንብ ያስታውሳሉ፤ ሰው የራሱን ይረሳል፣ የወንድሙን አይረሳም። የሰርግ ፎቶ አይጠቅምም፣ የተኳኳለ ነው። የተማሪ ቤት መታወቂያ ላይ የተለጠፈው ፎቶ ይሻላል።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገው ነገር፦ በአካባቢያችን የተቦረቦረ የአዛውንት ፊት ሁሉ የብጉር አይደለም። ፈንጣጣ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ስለዚህ ዛሬ 50 ዓመት የተጠጉና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ፊት ላይ ያለው ጉድጓድ የፈንጣጣ ሊሆን ይችላል። የፈንጣጣ ጠባሳ ግንባርን፣ የአፍንጫን ጫፍና ጉንጭን ሳይመርጥ ይበተናል፣ ክንድ ላይም ይገኛል፤ ታሪኩም አንድ ጊዜ በትኩሳት ታምሞ የተነሳ ሰው ታሪክ ነው። የብጉር ጠባሳ ጉንጭ፣ ጆሮ ግንድ አጠገብና መንጋጋ ላይ ይከማቻል፤ ትከሻና ጀርባም ላይ ይገኛል፤ በመርፌ እንደተወጋ ጠባብና ጥልቅ የሆነ፣ አለያም ዳርቻው የተቆረጠ ሰፋ ያለ ጉድጓድ ነው። ጉድፍ የሚተወው ጥቂት፣ ክብ፣ ለየብቻቸው የቆሙ ምልክቶችን ነው።

ሦስተኛው ቁንጭር ነው። ሽኮኮ በሚኖርበት ገደላማ ደጋ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ይህ የቆዳ በሽታ ፊት ላይ አንድ ወይም ጥቂት ቁስል ያወጣል፤ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ሰፊ፣ ሳሳ ያለ ጠባሳ ይተዋል። ይህ በዘር አይተላለፍም። አያትን ብቻ ሳይሆን ልጁንም በዚህ ዓይን ማየት ያስፈልጋል፤ ብጉር ይመጣል ይሄዳል፣ ቦታ ይቀያይራል፤ አንድ ቦታ ተተክሎ ስምንት ሳምንት ያለፈው፣ እየሰፋና ቅርፊት እየያዘ የሚሄድ ነገር ግን ብጉር ተብሎ ቅባት ሊቀባ አይገባም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ በሽታ ወገን የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው፤ ከቁስሉ ጥቂት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

አንድ ዘረመል ብቻውን ሲያጠፋ

አብዛኛው ብጉር የብዙ ዘረመሎች ድምር ነው ብለናል። ጥቂቱ ግን ከአንድ ዘረመል ወይም ከሌላ የሆርሞን ሕመም የሚመጣ ነው፤ ምልክቶቹንም ወላጅ ሊያውቃቸው ይገባል። ብጉር የሚበዛባት ልጅ የወር አበባዋ ከተዛባ፣ አገጯ ወይም ደረቷ ላይ ጠንከር ያለ ጸጉር ከበቀለ፣ የራሷ ጸጉር ከሳሳ፣ ነገሩ ከፊት ቆዳ በላይ ነው። በአብዛኛው ምክንያቱ በቤተሰብ ውስጥ የሚሄደው የእንቁልጢ ሆርሞን መዛባት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ሆርሞን ሲሠራ የሚጠቀምበት አንድ ኢንዛይም በዘር ይጎድላል። ይህን የሚለየው የደም ምርመራ የሚወሰደው በጠዋት፣ የወር አበባ ዑደት በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ቀናት ነው፤ ከሰዓት ከተወሰደ ውጤቱ ያሳስታል። የወር አበባ አስተካካይ ኪኒን እየወሰደች ከሆነም ለሐኪሙ መንገር አለባት፣ ውጤቱን ይደብቃልና።

ዕድሜው ከ1 እስከ 7 ዓመት የሆነ ልጅ ላይ ብጉር ከታየ ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት፤ በዚያ ዕድሜ ብጉር የሚያወጣ ሆርሞን መኖር የለበትም። ብጉሩ በመገጣጠሚያ እብጠትና በማይድን ቁስል ከታጀበም እንዲሁ።

ዘር ያልወሰነው

ከዘር ውጭ ያለውን ድርሻ ጎንደር ውስጥ በብዛት የሚይዙት ሁለት ነገሮች ይመስሉኛል፤ ቅቤና የስቴሮይድ ቅባት።

ቅቤ ለጸጉር ጥሩ ነው፤ ለግንባር አይደለም። ቅባት የሚበዛበት ጸጉር በግንባርና በጆሮ ግንድ ዙሪያ ብጉር እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሕክምና ተጽፎ ይገኛል፤ መልኩም የታወቀ ነው። ቀይና የሚያም ሳይሆን ከቆዳው ጋር አንድ ቀለም ያለው፣ ሲዳሰስ እንደ ተሰጣ ጥራጥሬ የሚሻክር ነው። በዘሯ ቀዳዳዋ በቀላሉ የሚደፈንባት ልጅ ላይ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይታያል። ቅቤ መተው ግን የግድ አይደለም። ከጸጉሩ መነሻ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ትቶ መቀባት፣ በሻሽ ሲታሰር ሻሹ ግንባሩን እንዳይሸፍን ማድረግ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ቅቤው ወደ ፊት እንዲቀልጥ አለመተው፣ በማግሥቱ ግንባርን በለስላሳ ሳሙና መታጠብ፣ የትራስ ልብሱን መቀየር። በዚህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል።

የስቴሮይዱ ነገር ከዚህ የከፋ ነው። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለባቸው ቅባቶች ፊት ለማቅላትና «ለማጥራት» ይገዛሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ያስደስታል፤ መቅላቱን ስለሚያበርደው ብጉሩ የዳነ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮቹ ይታያሉ፣ ሁሉም እኩል መጠን ያላቸው ጥቃቅን ቀያይ ብጉሮች በአንድ ጊዜ ይፈላሉ። ለማቆም ሲሞከር ፊቱ ስለሚብስ ሰውየው «ቅባቱ እንደሚያስፈልገኝ አወቅሁ» ብሎ ይመለስበታል። የሚብሰው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሰው በሐኪም እየታየ እየቀነሰ ማቆም አለበት። ቤተሰቡ ውስጥ የብጉር ጠባሳ ያለበት ሰው ይህን ቅባት ፊቱ ላይ ከቶ መንካት የለበትም።

ሎሚና የጥርስ ሳሙናም ይቅሩ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል።

በምግብ በኩል ጠንካራው ማስረጃ ስኳርና ቶሎ ወደ ስኳር የሚለወጥ ምግብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የአውስትራሊያ ሙከራ 43 ወጣት ወንዶችን ለ12 ሳምንት ተከታትሎ ስኳራማ ምግብ የቀነሱት በአማካይ 23 ያህል፣ ያልቀነሱት 12 ያህል ብጉር እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። ወተትም ከብጉር ጋር ግንኙነት አለው፤ ግንኙነቱ ግን ደከም ያለና ከሰው ሰው የሚለያይ ነው። የራሱን ማወቅ የሚፈልግ ዐቢይ ጾም ምቹ ጊዜ ነው፤ 55 ቀን ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለም። በጾሙ የመጀመሪያ እሁድ ከግንባር እስከ አገጭ ያለውን ብጉር ቆጥሮ መጻፍ፣ በሆሣዕና ደግሞ መቁጠር፣ ከፋሲካ 6 ሳምንት በኋላ አንዴ መድገም ነው። የሚያበላሸው ነገር በጾም ጊዜ የሻይ ስኳርና ዳቦ መብዛቱ ነው፤ እነሱ እንደነበሩ ካልቀጠሉ ቆጠራው የሚነግረው ነገር የለም።

ቀድሞ መጀመር እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ወላጆቻቸው ብጉር የነበረባቸው ሰዎች ብጉሩ ቀድሞ እንደሚጀምራቸው፣ የተደፈኑ ቀዳዳዎች እንደሚበዙባቸውና ከጠንካራ ሕክምና በኋላም እንደሚመለስባቸው አሳይቷል። ሕክምናውን የሚመራው ይህ ነው። የተደፈነ ቀዳዳ የሚከፍት መድኃኒት ዋናው ይሆናል፤ እሱም የቫይታሚን ኤ ወገን የሆነው አዳፓሊን 0.1 በመቶ ወይም ትሬቲኖይን 0.025 በመቶ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት አትቀባውም።

አቀባቡ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። ማታ ፊት ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ከተቀባ ያቃጥላልና 20 ደቂቃ መጠበቅ ይሻላል። ለመላው ፊት አንዲት የአተር ፍሬ የምታክል ብቻ ትበቃለች። ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጮች፣ አፍንጫና አገጭ ላይ አምስት ቦታ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ በስሱ ይዳረሳል፤ የዓይን ዙሪያና የከንፈር ጥግ ይቀራል። የወጣው ብጉር ላይ ብቻ መቀባት ትልቁ ስህተት ነው። መድኃኒቱ ገና ያልወጣውን፣ ከወር በኋላ የሚወጣውን ነው የሚከለክለው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አንድ ቀን እየዘለሉ፣ ከዚያ በየቀኑ። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ቆዳው ይልጣል፣ ብጉሩም የባሰ ሊመስል ይችላል፤ አብዛኛው ሰው የሚተወው እዚህ ነው። ውጤቱ የሚዳኘው በ12 ሳምንት ነው።

ቀይና መግል የያዘ ካለበት ጠዋት ቤንዞይል ፐሮክሳይድ የሚባል ቅባት ይጨመራል። 2.5 በመቶው ከ10 በመቶው ያላነሰ ይሠራል፣ የሚያቃጥለው ግን ያነሰ ነው። ከትሬቲኖይን ጋር በአንድ ሰዓት አይቀባም፣ ያበላሸዋል። ጨርቅም ያነጣል፤ የነጠላን ጥለት ቀለሙን ያጠፋዋልና ሳይደርቅ ነጠላ መከናነብ አይገባም።

ሐኪም ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት ካዘዘ ከአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ጋር ተወስዶ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ መቆየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጉሮሮን ያቆስላል። ከወተትና ከብረት ኪኒን ጋር አይወሰድም። የሚጾም ሰው ከቅዳሴ መልስ ምግብ ሲቀምስ ይውሰደው። ከሦስት አራት ወር በላይ አይቀጥልም፤ ብቻውንም አይሰጥም፣ ባክቴሪያው ይለምደዋል።

ጠባሳ መተው ለጀመረ ብጉር፣ በተለይ ወላጁ ጠባሳ ላለበት፣ ያለው ጠንካራ መድኃኒት አይዞትሬቲኖይን ነው። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግራም ይሰጣል፤ በድምሩ ለኪሎ ከ120 እስከ 150 ሚሊግራም እስኪሞላ። 50 ኪሎ የምትመዝን ልጅ በድምሩ ከ6,000 እስከ 7,500 ሚሊግራም ያስፈልጋታል፤ በቀን 30 ብትወስድ ከ200 እስከ 250 ቀን ነው። በሦስተኛው ወር ፊቷ ሲጠራ ካቆመችው የመመለሱ ዕድል ከፍ ይላል። ስብ ካለበት ምግብ ጋር ካልተወሰደ ሰውነት የሚቀበለው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ በጾም ወቅት ይህ ይረሳል። ዘይት ካለበት ወጥ ወይም ከሱፍና ከኑግ ፍትፍት ጋር ይወሰድ። ፅንስን በእጅጉ ያበላሻል፤ ከመጀመሩ አንድ ወር በፊት፣ በሚወሰድበት ጊዜ ሁሉና ካለቀ አንድ ወር በኋላ እርግዝና መኖር የለበትም። ከዶክሲሳይክሊን ጋር አብሮ አይወሰድም፤ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ይጨምራል። የጉበትና የደም ስብ ምርመራ ሳይደረግ፣ ያለ ቆዳ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ የሚጀመር ነገር አይደለም።

ጥቁሩ ምልክት ለብቻው ይታያል። በእኛ ቆዳ ላይ ብጉር ከሄደ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ነጥብ ጠባሳ አይደለም፤ በወራት ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ግን ያቆየዋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ እዚህ የሕክምናው አካል ነው። ቤተሰቡ ውስጥ ጆሮ ሲበሳ ወይም ቁስል ሲድን የሚያብጥ ጠባሳ ያለበት ሰው ካለ፣ ኬሎይድም በዘር ይሄዳልና ደረትና መንጋጋ ላይ የሚወጣ ብጉር ፈጽሞ አይፈርጥ፤ ሐኪሙም ገና ከጅምሩ ይነገረው።

ታላቁ ልጅ ሕክምና ላይ እያለ ታናሿ 10 ዓመት ከሞላት ፊቷን በጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመታት ማየት ነው። ብጉሩ ከመቅላቱ ከዓመት በፊት አፍንጫና ግንባር ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችና ቆዳ የለበሱ ነጫጭ ፍሬዎች ይታያሉ፤ የአተሯ ፍሬ የምትጀመረው ያን ጊዜ ነው።